የኢንሹራንሱ ቃል

ኅዳር 9

አባባ፣

«ጽሕፈትሽ ለምን ተንቀጠቀጠ?» ብለው ለጠየቁኝ፣ ከብርድ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። የዚህ አገር ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ይህንንም የምጽፍልዎ ጓንት አጥልቄ ነው፤ የግራ እጄን ጓንት ልጄ ጠጠሬ ስለወሰደችብኝ ባንድ እጅ ብቻ።

አዲሱ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። በመካከሉ ሰው ከሰው የማያሳልፍ ኮሪደር አለ። ኮሪደሩ ላይ የጋዝ ማሞቂያ ቆሟል፤ ጭሱ በቧንቧ አድርጎ በጣራ ይወጣል። መስኮቶቹ አሮጌ ስለሆኑ ነፋስ ያስገባሉ፤ እኔም ዙሪያቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅጥቄ ደፍኛቸዋለሁ። የዩኒፎርም ቅድ ቆራጭ ሌላው ቢቀርባት ቁራጭ ጨርቅ አይቸግራትም።

ስለ ልጅቱ እንቅልፍ ጠይቀውኝ ነበር። መጀመሪያ ጨርሶ አልነበራትም። ነፋስ በተነሳ ቁጥር የጭስ ቧንቧው ያፏጭ ነበርና «ጣራ ላይ ያለው ሰውዬ እየጠራኝ ነው» እያለች መጥታ እግሬ ሥር ትወሸቃለች። ላከራያችን ነገርኳት። አከራያችን እንዴት ያለች ደግ መሰለችዎ! ባል የሞተባት፣ የራሷ ልጅ የሌላት፣ ጠጠሬን ባየች ቁጥር ከረሜላ ካላጎረሰቻት የማይሆንላት ሴት ናት። በማግስቱ ሠራተኛ ይዛ መጣችና የቧንቧውን አፍ በቆርቆሮ አስከደነችው። ፉጨቱ ጸጥ አለ። እግዜር ይስጣት፤ ከዚያ ወዲህ ልጄ እንደ ድንጋይ ነው የምትተኛው። እርስዎ ጠጠሬ ያሏት ትንሽ ሆና የረገጣትን ስለምታሳምም ነበር፤ አሁን ግን ቢረግጧትም አትነቃም።

ያልነገርኩዎ አንድ ነገር አለ። ዘግይቼ በመንገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ላስደነግጥዎ አልፈለግሁም። ኢንሹራንሱ ከሶኛል። ልጅቱን እኔ ላሳድግ ብሎ ነው። ለቀድሞ ባሌ ያወጡለትን ይህን ስም ሳነሳ ድሮ ያስቅዎ ነበር፤ ዛሬ እንኳን እርስዎን እኔንም አላሳቀኝም። «ቤትሽ ልጄን እያሳመማት ነው፤ ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ ከዚያ ቤት አውጪያት ወይ ቤቱን አስመርምሪ» ይለኛል። አከራያችን ግን ማሞቂያው ደህና ነው ትላለች።

እኔም እርስዎ ያስተማሩኝን ጠየቅኩ። ልጆች ሳለን ብርጭቆ ሲሰበር ችሎት ተሰይሞ፣ ለሚከሰው ሁሉ «ይህን በማለትህ ምን ታተርፋለህ?» ይሉት አልነበር? ይኸው፣ ኢንሹራንሱ ምን ያተርፋል? ልጄን! ታዲያ ቃሉን ልሰማው ይገባል? እርስዎ ይፍረዱኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 20

ልጄ፣

መጀመሪያ በቀድሞው ደብዳቤሽ ለወቀስሽኝ መልስ ልስጥ። ያልመጣሁት ጠልቼሽ አይደለም፤ አጥሩን እያሠራሁ ነው። ሠራተኞቹን ጥዬ ብነሳ ሲሚንቶው እግር አውጥቶ ይሄዳል። ስልክ ለምን አይገዙም ላልሽው ደግሞ፣ ጆሮዬ ሳይሰማ ስልክ ምን ይሠራልኛል? ደብዳቤ አይጮህብኝም፤ ሁለቴም ሦስቴም ላነበው እችላለሁ። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሾፌር እስካለ ድረስ እኔና አንቺ ምን ቸገረን?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይህ ሰው በሠርጋችሁ ማግስት፣ እኔ ገና የሠርግ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ሰው ሟች ነው» ብሎ የሕይወት ኢንሹራንስ ሊያስፈርመኝ የሞከረ ሰው ነው። እንጀራው የሰው ፍርሃት ነው። ደመና በሌለበት ጎርፍ ያሳይሻል። አሁን ደግሞ ከሳሽ ነው። በዳኝነት ወንበሬ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ የከሳሽን ቃል በግራ ጆሮዬ ነበር የምሰማው፤ እሱም ቀድሞ የደነቆረው ጆሮዬ ነው።

አከራይሽን ደግሞ ወዲህ አስቀምጪያት። ማሞቂያው ደህና ነው በማለቷ ምን ታተርፋለች? ምንም። ሊያተርፍ የሚናገርና ምንም የማያተርፍ ሰው ቃላቸው ሲጋጭ፣ ያለ ጥቅሙ የተናገረውን ያዢ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ አንቺም ስለጠረጠርሽ ኮርቼብሻለሁ። ቃሉን ጣዪው።

ቢሆንም በፍርድ ቤት ልናሳፍረው ይገባልና የሚከተለውን ጽፈሽ ላኪልኝ። ልጅቱን ራሷን የሚያማት መቼ ነው? ከመቼ ጀምሮ? እሱ ቤት ስትሄድስ? ቀኑን ከያዝንበት ውሸቱ ራሱ ይናገራል። ውሸታም ሰው ሁልጊዜ የሚሰናከለው ቀን ላይ ነው።

ራስሽን ጠብቂ። አትፍሪ፤ እኔ አለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 3

አባባ፣

የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ ከደበቅኩዎ ነገር ግን ልጀምር። ጠጠሬ ወድቃለች። ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ሄዳ መታጠቢያው ሥር ተዘርራ አገኘኋት። ስጠራት ዓይኗን ገለጠችና «እማዬ፣ እግሬ የለም» አለችኝ። ደጅ ይዣት ወጥቼ ስሮጥ ግን ነቃች፤ ክሊኒክ እስክንደርስማ ከነርሷ ጋር ትከራከር ነበር። «ብርድ ነው፤ አሙቂያት» ብለውኛል። አሁን ማሞቂያውን ሌሊቱን ሙሉ አላጠፋውም።

የሚያማት ጠዋት ጠዋት ነው። ከመቼ ጀምሮ ላሉኝ፣ ፉጨቱ ጸጥ ካለበት ሳምንት ወዲህ መሰለኝ። ይህንን የማስታውሰው እንቅልፍ አገኘችልኝ ብዬ ደስ ባለኝ በማግስቱ አልነሳ ብላ ስላስቸገረችኝ ነው። እሱ ቤት ስትሄድ ደህና ናት። እዚያ የቤት ሥራ የለ፣ «ተኚ» የሚላት የለ፣ ምን ያማታል? በር ላይ መጥቶ «እኔ ጋ ለምን አያማትም?» ብሎ ሲጮህብኝ ይህንኑ ነገርኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየን። «ሴትዮ፣ እኔን ጥዪኝ፤ ቤቱን ግን እዪው!» ብሎኝ ሄደ። ቃል አያልቅበትም፤ ያውቁታል።

«ራስሽን ጠብቂ» ማለትዎን አልዘነጋሁም። እኔም ጠዋት ራሴን ያመኛል። ባለፈው ሰኞ ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጬ አለቃዬ «ደንበኛችን አንድ ዓይነት እጅ ነው እንዴ ያለው?» ብሎ ዎርክሾፑን በሙሉ አሳቀብኝ። እኩለ ቀን ላይ ይተወኛል። ጭንቀት ነው። ሰው ልጁን ሊቀማ ሲል ራሱን ባያመው ነው የሚገርመው።

አባባ፣ በጣም እፈራለሁ። መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው በር ያንኳኳ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ልጅቱን ይዤ ስሮጥ ያየ ሰው ለኢንሹራንሱ ቢነግረውስ? አከራያችን «እኔ እመሰክርልሻለሁ፤ ማሞቂያው በባሌ ጊዜ የተገዛ ነው፤ አንድ ቀን ሰው አሳምሞ አያውቅም» ብላኛለች።

ልጅቱ ትናንት ምን አለችኝ መሰለዎ? «እማዬ፣ የጣራውን ሰውዬ አፉን ማን ያዘው?» አሁንስ እንዲህ እያወራች ታስፈራኛለች።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ ጠዋት

መስኮቱን ክፈቺ። ማሞቂያውን አጥፊ። ልጅቱን ይዘሽ ደጅ ውጪ። ይህን ሳታደርጊ ቀጣዩን መስመር እንዳታነቢ።

ወጣሽ? እሺ።

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ኢንሹራንሱን የማሳፍርበትን ቀን ልፈልግ ዛሬ ጎህ ሲቀድ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ቀኑን አገኘሁት፤ ያሳፈረው ግን እኔን ነው። ቧንቧው በተከደነ ሳምንት ልጅቱ ታመመች። ከቤት ስትወጣ ይሻላታል። እሱ ቤት ደህና ናት። ደጅ ስትወጣ ነቃች። አንቺም ሥራ ቦታሽ ውለሽ እኩለ ቀን ላይ ይተውሻል። የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድል ማን ያጣዋል? ጋዝም ያው ነው። ጭሱ መውጫ አጥቶ እናንተው ላይ ይመለሳል፤ አይታይም፣ አይሸትም። መስኮቱን ደግሞ በጨርቅ ጠቅጥቀሽዋል። ይህ ሁሉ ነገር በገዛ እጅሽ ተጽፎ ፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ የማየው የተናገረውን ሰውዬ ነበር።

ልጄ፣ ምን ያተርፋል ብሎ መጠየቅ ክፋት የለውም። የሚያተርፍ ሰው ሲናገር ጠጋ ብሎ ማየት ነው። እኔ ግን «ያተርፋል» ካልኩ በኋላ ምንም አላየሁም፤ መዝገቡን ዘጋሁት። ደግሞም አከራይሽ አታተርፍም ብዬ አመንኳት። እሷ መች ዋሸች! አታውቅም እንጂ። ደግ ሰው ሁሉን ያውቃል ያለኝ ማነው? ቆርቆሮውን ያስከደነችውም በደግነቷ አይደለም? ሰውዬው ልጄን ልውሰድ ይላል፤ ቧንቧው ደግሞ ተደፍኗል። አንዱ እውነት መሆኑ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። ይህንን ለማየት ዳኛ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ጎረቤቴን ቀስቅሼ በስልኳ አስደወልኩልሽ። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። እንደገና አስደወልኩ። ቅዳሜ ነው፤ ዎርክሾፕ ዝግ ነው፤ የት ትሄጃለሽ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እኔ ግን ብርድ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

በዚያ ከተማ ከአንቺ ሌላ የማውቀው የአንድ ሰው ስልክ ነው፤ ያኔ «ኢንሹራንስ መግዛት ከፈለጉ ይደውሉ» ብሎ የሰጠኝ የኢንሹራንሱ። እሱ ጋ አስደወልኩ። «በሩን ስበረው በይልኝ» አልኳት ጎረቤቴን። ነገረችው። «እሺ» ብሎ ዘጋው አለችኝ።

እወቂው፤ ለክሱ ማስረጃውን በገዛ እጄ ነው ያስጨበጥኩት። «አያትየው ራሱ አምኗል» ቢል እውነቱን ነው። ይቅር በይኝ። ከማጣሽ በክሱ ብትሸነፊ እመርጣለሁ።

ሾፌሩ ደብዳቤውን ሊወስድ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 11

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሾፌሩ ገና አልተመለሰም። ጎረቤቴ ዘመድ ታሞባት ከነስልኳ ሄዳለች። በሯን እያየሁ እውላለሁ። ሰው ሲያልፍ ፊቱን አየዋለሁ፤ መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው አረማመዱ ያስታውቃል ይላሉና የሰው እግር እግር እያየሁ ነው።

ለምን ራስዎ አልመጡም ትዪኝ ይሆናል። ሲሚንቶም አጥርም የለም። ከደረጃ ወድቄ እግሬ ተሰብሯል፤ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ታስሬ ተቀምጫለሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። አንቺም እንዳልጨነቅ ብለሽ የልጅቱን መውደቅ ደብቀሽኝ ነበር። አቤት እኛ! ስንተዛዘን ልንተላለቅ ነው።

ጠጠሬ ጣራው ላይ ሰውዬ አለ ስትል እኛ ሳቅን። ሰውዬው አፉን ተያዘ ስትልም አልሰማናትም። ከሁላችን ቀድማ የነገረችን እሷ ነበረች፤ ያልሰማናትም ልጅ ስለሆነች ብቻ ነው። ይኸው ነው የእኛ ቤት ችሎት፤ የተናጋሪውን ማንነት እየመዘነ ነገሩን ይጥላል።

ፈጣሪ ሆይ፣ አንድ መስመር ብቻ። «አለን» የሚል።

አባትሽ


ታኅሣሥ 14

አባባ፣

አለን።

ሁለታችንም አለን። ከዚህ ሌላ የምጽፈው ባይኖረኝም ይበቃዎታል ብዬ ነው ያስቀደምኩት። ይህን የምጽፍልዎ ከሆስፒታል ነው። የቅዳሜውን ደብዳቤዎን ሾፌሩ ቤቴን ሲፈልግ ቆይቶ እዚህ ድረስ ይዞልኝ መጣ። «መስኮቱን ክፈቺ» የሚለውን ሳነብ ከተኛሁበት አልጋ ተነሣሁና የክፍሉን መስኮት ከፈትኩ። ነርሷ ተቆጣችኝ።

እንዴት ሆነ ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም። ዓርብ ማታ ልጅቱን አልብሼ አስተኛሁ፤ ማሞቂያውን ከፍ አደረግኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ስነቃ አፌ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ፤ ጥግ ላይ ኢንሹራንሱ ቆሟል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። በሩን የሰበረው በትከሻው ነው። ጠጠሬ ከእኔም በኋላ ነው የነቃችው። እስክትነቃ ድረስ ስለነበረው ጊዜ አይጠይቁኝ፤ እባክዎ።

አከራያችን መጥታ አልጋዬ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ቆርቆሮውን ራሷ አስነቅላ ይዛው መጥታለች፤ የት እንደምትጥለው እንኳ አታውቅም፤ በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ዋለች። ምን ልበላት? «ላንቺ ብዬ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው እኮ።

ክሱን አልተወም። ያነሣዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ያዳነን ሰው ነው፤ ደግ ሆኗል፤ በቃ ይተወኛል አልኩ። ትናንት ጠየቅኩት። «ልጄን እፈልጋለሁ፤ ያኔም እፈልግ ነበር» አለኝ ዓይኔን እያየ። የሚገርመው ያኔም ስለ ልጁ ብሎ አልነበረም ማለት አልችልም፤ ለራሱም ብሎ ነበር፤ የተናገረውም እውነት ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አላውቅም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ፍርድ ቤት እንቀርባለን። ጠበቃው ምን እንደሚል ከአሁኑ ይሰማኛል፤ «ተነግሯት አልሰማችም፤ ልጅቱ ስትታፈን እናትየዋ ተኝታ ነበር።» የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውም እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ምንም አላስታውስማ። እናት አይደለሁም ወይ? አውሬ እንኳ ልጁ ሲነካ ይነቃል። እኔ ተኛሁ።

የቀኝ እጄ ጣቶች አብጠው እርሳስ መያዝ አቅቷቸዋል፤ ጽሕፈቴ የተበላሸው ለዚያ ነው እንጂ አልባስብኝም። ምን እንዳገኛቸው ሐኪሙም አላወቀም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፤ ተውኩት። ክፉ እናት ነኝ ወይ ልልዎት ነበር። አባቴ ስለሆኑ «አይደለሽም» ይሉኛል፤ ስለዚህ መልስዎ አይጠቅመኝም።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 19

ልጄ፣

«አለን» የምትለዋን ቃል ቀድጄ ልበላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ጀሶው ባይኖር ኖሮ እዘል ነበር፤ በአንድ እግሬም ቢሆን ሞክሬያለሁ፤ ጎረቤቴ ትመስክር።

አሁን ወደ ተውሽው ጥያቄ። አይደለሽም።

አባትሽ ነኝ፤ አዎ፣ አዳልቼልሻለሁ፤ ወደፊትም አዳላለሁ። ስለዚህ ዝም ብለሽ አትመኚኝ። ግን «አባቴ ነው» ብለሽ ደግሞ አትጣዪኝ። በዚህ መንገድ ሄደን የደረስንበትን አይተናል። የምነግርሽን ስሚና ሄደሽ ራስሽ አጣሪው።

ጎረቤቴ ከተመለሰች በኋላ ኢንሹራንሱ ደውሎ ነበር። እሱ የሚለውን እየሰማች በወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱ ከፊቴ ነው፤ ምንም ሳልጨምር እነግርሻለሁ።

በሩን ሊሰብር ሲገፋው አልከፈት ያለው ቁልፉ ጠንክሮ አይደለም። ከውስጥ የሆነ ነገር ይዞታል። የያዘው አንቺ ነበርሽ። በሩ ሥር ወድቀሻል። ልጅቱ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። በብርድ ልብሷ ጠቅልለሽ ከክፍሏ አውጥተሽ፣ በኮሪደሩ ጎትተሽ፣ እስከ በሩ አድርሰሻታል። ቁልፉን ማዞር አልቻልሽም። ሲያቅትሽ ፊቷን ከበሩ በታች ባለው ክፍተት ላይ አስጠግተሽ አስተኝተሻታል፤ ንጹሕ አየር በሚገባበት። ሐኪሙ «ልጅቱን ያተረፋት ይኼ ነው» ብሎታል። አንቺ ብርድ ልብሱን ጨብጠሽ አልለቅ ብለሽ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀው።

ይህን ላንቺ አልነገረሽም። ለምን እንዳልነገረሽ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ክሱን ያፈርስበታል። ለእኔ ግን ነገረኝ። ለምን እንደነገረኝ አላውቅም፤ ጎረቤቴ ስትጽፍ የሚያለቅስ ድምፅ ሰማሁ ትላለች፤ እኔ አልሰማሁም። በቀጠሮው ቀን ጠይቂው። አስምለው ከጠየቁት ይናገራል ብዬ እገምታለሁ፤ ላይናገርም ይችላል፤ ይህንንም እፈራለሁ። ብትሸነፊስ? እሱንም እፈራለሁ። ጀሶው ሲፈታልኝ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ ከዚህ በላይ የምሰጥሽ ዋስትና የለኝም።

እሱ የሚያወራው ጥቅሙን የሚጎዳ ስለሆነ ብቻ እመኚው አልልሽም። ያ ሰው ቀድዶ የሚያወራ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ሄደሽ የበሩን ሥር እዪው፤ ሐኪሙን ጠይቂው፤ ጠጠሬንም ጠይቂያት፤ ዘንድሮስ እንሰማታለን።

ከሁሉ በፊት ግን ጣቶችሽን ተመልከቻቸው።

አባትሽ